ስልኩ ወይስ መስጊዱ? ከትራማዶል የወጣሁበት መንገድ

ሥራዬ ሹፍርና ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቼ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሎጊያ አድርጌ ጋላፊን እሻገራለሁ። ጅቡቲ ጭኜ እመለሳለሁ። ለረጅም ጊዜ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን ስውጥ ኖሬያለሁ። ጫትም እቅም ነበር። ክኒኑን ትቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። የጫቱ ነገር ትንሽ ይለያል፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መስመር ላይ የሚያውቁኝ ልጆች አሁን አሁን አንድ ነገር ይጠይቁኛል። በቁርአንና በዚክር (አላህን ደጋግሞ በማውሳት) ሰውን ከሱስ የሚያወጡ ኡስታዞች በቴሌግራም አሉ። እዚሁ አገር ቤትም ሸሆች አሉ። የቱ ይሻላል? ሁለቱንም ስላየሁ ያየሁትን ልጻፈው። ሐኪም አይደለሁም፣ ዓሊምም (የሃይማኖት ሊቅም) አይደለሁም። ያለፍኩበትን ነው የማወራው።

ክኒኑን የጀመርኩት ጀርባዬን አሞኝ ነው። የብዙ ሹፌር ታሪክ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሳቢ ስትጎትት ውለህ ማታ ላይ ወገብህ አልታጠፍ ይልሃል። አንዱ ረዳት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ሕመሙ ጠፋ፣ ልቤም ሞቅ አለ። ጣጣው ያ ሙቀት ነው። ትራማዶል ማስታገሻ ቢባልም ወገኑ ከሞርፊን ነው። ሐኪም ለአዋቂ ሰው ሲያዝ በቀን ከ400 ሚሊግራም አያልፍም። መስመር ላይ ያን ያህሉን ከቁርስ በፊት የሚጨርስ ሰው አውቃለሁ። መጠኑ ሲበዛ ሰውን ያንዘፈዝፋል፣ እንደሚጥል በሽታ ይጥላል። መሪ ይዞ መውደቅ ምን ማለት እንደሆነ ለሹፌር አይነገርም።

ቀን ጫቱ ያነቃኛል፣ ማታ ክኒኑ ያበርደኛል። ጠዋት ሁለቱም ከውስጤ ሲወጡ ሐራራው ይመጣል። እንዲህ ነበር የምኖረው።

ለሰው መንገር ደግሞ አይታሰብም። ወሎ ውስጥ ጫት መቃም እምብዛም አያሳፍርም። አባትህም ይቅማል፣ ጎረቤትህም ይቅማል፣ ዱዓ የሚያደርጉልህ አዛውንትም ይቅማሉ። ክኒን ግን ሌላ ነው። "ክኒን ይውጣል" ከተባልክ አለቀልህ። መኪና የሚሰጥህ የለም፣ ልጁን የሚድርልህም የለም። ኮምቦልቻ ላይ የተወራ ነገር ደግሞ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ለመድረስ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ስለዚህ ሰፈሬ ያለው መስጊድ ገብቼ "ያ ሸህ፣ እንዲህ ሆኛለሁ" ማለት ሞት መስሎ ታየኝ።

በዚህ መሀል ነው ጅዳ ያለ አብሮ አደጌ የቴሌግራም ግሩፕ የላከልኝ። የሚመራው ኡስታዝ የወሎ ልጅ ነው፣ ውጭ አገር ይኖራል። ከኢሻ፣ ከማታው ሰላት፣ በኋላ በቮይስ ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ፋቲሃ ይቀራል። ከዚያ ኡስታዙ ጥቂት አንቀጾች ያነብና ያብራራል። ቀጥሎ ሙሐሰባ የሚሉት አለ። እያንዳንዱ ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈ ራሱን ይመረምርና ይናገራል። በመጨረሻ ሁሉም አብሮ 100 ጊዜ ኢስቲግፋር (የምሕረት ልመና) ይላል። አለቀ። ከሪያድ የሚገባ አለ፣ ከአዲስ አበባ የሚገባ አለ፣ ከከሚሴም ከወልድያም አሉ። ማንም እውነተኛ ስሙን አይጽፍም።

መጀመሪያ ሚውት አድርጌ ብቻ እሰማ ነበር። አንድ ማታ ሎጊያ ቆሜ፣ ሙቀቱ እንቅልፍ ነስቶኝ ጋቢና ውስጥ እያለሁ ማይኩን ከፈትኩት። ስንት እንደምውጥ ተናገርኩ። ለእናቴ ያልነገርኩትን፣ ለሚስቴ ያልነገርኩትን፣ ፊታቸውን ለማላውቃቸው ሰዎች ነገርኩ። ኡስታዙ ሐራም ነው ብሎ አልጀመረልኝም። ሐራም መሆኑን እኔም አላጣሁትም። "ትሰግዳለህ?" አለኝ። ትቻለሁ አልኩት። "ለምን?"

ለምን የሚለውን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ብዙ ልጆችን ከመስጊድ ያስወጣው ይህ ነው። ኸምር፣ ማለትም አስካሪ መጠጥ፣ የጠጣ ሰው ሰላቱ 40 ቀን ተቀባይነት የለውም የሚል ሐዲስ ሰምቻለሁ። ክኒኑም አእምሮ ያደነዝዛልና ያው ነው ብዬ ደመደምኩ። ነገም እንደምውጥ አውቃለሁ። ታዲያ ተቀባይ ለሌለው ሰላት ምን አደከመኝ? ተውኩት። ኡስታዙ ሲያስረዳኝ፣ ዑለማዎቹ የሚሉት ምንዳው ይቀርብሃል እንጂ ግዴታው አይወርድልህም ነው አለኝ። ሐዲሱ ራሱ ደግሞ ቀጥሎ ተውበት ያደረገን፣ ተጸጽቶ የተመለሰን፣ አላህ ይቀበለዋል ይላል። ያንን ክፍል የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሰው የሐዲስ ግማሽ ይዞ ምን ያህል እንደሚጎዳ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። "ዛሬ ሱብሒን፣ የንጋቱን ሰላት፣ ብቻ ስገድ። ነገ እናወራለን" አለኝ።

ሌላም አስተማረን። ቁርአን ኸምርን በአንዴ አልከለከለም። መጀመሪያ በሱረቱል በቀራ፣ አንቀጽ 219፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል አለ። ቀጥሎ በሱረቱ ኒሳእ፣ አንቀጽ 43፣ ሰክራችሁ ወደ ሰላት አትቅረቡ አለ። በመጨረሻ በሱረቱል ማኢዳ፣ አንቀጽ 90፣ ከሱ ራቁ አለ። ኡስታዙ ግን እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነው። "ይህ ዛሬ ላንተ በጥቂቱ ተፈቀደልህ ማለት አይደለም። ሕጉ ተዘግቷል። ግን የሰው ልጅ በአንዴ እንደማይላቀቅ አላህ እንደሚያውቅ ተመልከት" ይላል። ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። እስከዚያ ድረስ በአንድ ሌሊት ካልተውኩ ኢማን የለኝም ብዬ ነበር የማስበው።

ታዲያ ኦንላይኑ ይህን ሁሉ ካደረገ ምን ጎደለው? ስልክ የምትነግረውን ብቻ ነው የሚሰማው። ጉድለቱ ይኸው ነው። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግሩፑ ላይ ጥሩ ተናጋሪ ሆንኩ። ሙሐሰባው ላይ "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ቀንሻለሁ" እላለሁ፤ ቀንሼ ሳይሆን አፌ ለምዶ ነው። ሌሎቹም እንዲሁ እንደሚያደርጉ በኋላ በግል ስናወራ አወቅሁ። ኡስታዙ መልካም ሰው ነው። ግን የዓይኔን ብሌን አያይም፣ ላቤን አያይም። ድምጼን አሳምሬ ከላክሁለት ደህና ነኝ።

የኔትወርኩም ነገር አለ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ግሩፑ ለወሎ ልጆች ሞተ። እኔ ሹፌር ስለሆንኩ ባቲን አልፌ አፋር ስገባ ስልኬ ይንጫጫል፤ የቀናት መልእክት በአንዴ ይገባል። ቤቴ ስመለስ ደግሞ ዝም። እቤት ያሉት ልጆች ግን ለወራት ምንም አልነበራቸውም። ከመሀላቸው ወደነበሩበት የተመለሱ አሉ። መዳኛህን ሁሉ አንድ ገመድ ላይ ካንጠለጠልከው፣ ገመዱ ሲቆረጥ አብረህ ነው የምትወድቀው። ያኔ ነው በአካል የማገኘው ሰው መፈለግ የጀመርኩት።

በአካል ሲባል ግን ወሎ ላይ አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ፤ ከውጭ ሆኖ ምክር የሚሰጥ ሰው አያውቀውም። እናቴ መክሳቴን አይታ ተጨንቃ ነበር። ምን እንደነካኝ ባታውቅም "ዱዓ ይደረግልህ" ብላ ወዳጃ ወሰደችኝ። ወዳጃ ለማታውቁት፣ ሰው ተሰብስቦ መንዙማ እያለ፣ ድቤ እየመታ፣ ቡና እያፈላ ፈጣሪውን የሚለምንበት ነው። ያደግኩበት ነው። ዕጣኑ ሲጨስ፣ መንዙማው ሲጀመር ሆዴ ተላወሰ። እውነት ለመናገር አልቅሻለሁ። ግሩፑ ላይ እንዲያ ሆኜ አላውቅም። ከቀኝም ከግራም ትከሻ ሲነካህ፣ "አሚን" የሚለው ድምፅ ደረትህ ውስጥ ሲገባ ሌላ ነው። ስልክ ይህን አይሰጥም።

ከዚያ ጫቱ መጣ።

ሸሁ ራሳቸው ከትሪው አንስተው "እንካ ልጄ፣ የዱዓ ነው" አሉኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው። እናቴ ታየኛለች። ቤቱ በሙሉ ያየኛል። ተቀበልኩና ቃምኩ። ምርቃናው ሲመጣ ዱዓውም ጣፈጠኝ፣ ንግግሬም በዛ። እኩለ ሌሊት ላይ ሲበርድ ደግሞ ዓይኔ ፈጠጠ፣ እንቅልፍ እምቢ አለ። እንቅልፍ እምቢ ሲል የማውቀው መፍትሔ አንድ ነው። ክኒኑ።

ሸሁን አልወቅስም። እሳቸው በአባቶቻቸው ሥርዓት ነው የሄዱት። በወሎ ብዙ አዛውንቶች ጫትን ሌሊቱን ለዚክር መንቂያ አድርገው ነው የሚያዩት። ይህን የሚቃወሙ ዑለማዎችም እዚሁ ወሎ ሞልተዋል፤ ክርክሩ ከኔ በላይ ነው። የምለው ሌላ ነው። ከሱስ ልትወጣ ከሆነ የምትሄድበት ዱዓ ላይ ጫት መኖር አለመኖሩን አስቀድመህ ጠይቅ። ካለ፣ መንዙማውን በሬዲዮ ስማው። እናትህ ብትቀየም ትመለሳለች።

ቀጥሎ የሆነው ይበልጥ ከባድ ነው። ከወዳጃው በኋላ ተናደድኩና ክኒኑን በአንዴ አቆምኩ። ለማንም ሳልናገር፣ ቤቴ ተኝቼ። መጀመሪያ ማዛጋትና ንፍጥ ነው፤ ጉንፋን ይመስልሃል። ከዚያ ላብ፣ ብርድ፣ ተቅማጥ። እግሬ ለብቻው ይራገጣል። ይህን ከሞርፊን ወገን የሆነ ሱስ ያለበት ሁሉ ያውቀዋል። ትራማዶል ግን አንዳንድ ሰው ላይ የራሱ የሆነ ነገር ይጨምራል። ያለ ምክንያት ከባድ ፍርሃት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ የሌለ ነገር ማየት። እኔ ላይ መጣ። ከበሩ ጀርባ ሰው የሚያንሾካሹክ ይመስለኝ ነበር።

ሚስቴ ደነገጠች። አንዲት ዘመዷ በስልክ ሩቃ የሚያደርግ፣ ቁርአን እየቀራ አክማለሁ የሚል ሰው አገናኘቻት። ሰውዬው ስልኩን ጆሮዬ ላይ አስይዟት ጥቂት አንቀጾች ቀራ። ከዚያ "ጂን ነው፣ ባሕር አካባቢ ነው የያዘው" አለ። ጅቡቲ እንደምመላለስ አስቀድማ ነግራው ነበር! ብር በቴሌብር ላኪ አለ፣ የተቀራበት ዘይት በሰው እልካለሁ አለ። ከሁሉ የባሰው፣ "ሐኪም ቤት ከወሰዳችሁት ጂኑ ይበረታል" አለ። ብሩ ተላከ። ዘይቱ እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ሩቃን አልቃወምም። ቁርአን ሺፋእ ነው፣ አምናለሁ። በራሴ ላይ ፋቲሃና አየተል ኩርሲ ቀርቼ ሳልተፋ አልተኛም። ግን ሰውነትህ መድኃኒት አጥቶ ሲንዘፈዘፍ ጂን ነው ብሎ ከሐኪም የሚያርቅህ ሰው፣ በስልክም ይሁን በአካል፣ ሽሹት። ነቢያችን ﷺ ታከሙ፣ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ የለም፣ ከእርጅና በቀር ብለዋል። ይህን ሐዲስ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። "ሐኪም ቤት አትሂድ" የሚል ሩቃ አድራጊ ይህን ሐዲስ የት አደረሰው?

ክኒኑን መልሼ ዋጥኩ። ወዲያው ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ጂኑም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

በኋላ የሄድኩበት መስጊድ ከቦርከና ወንዝ ብዙ አይርቅም። ትንሽ ናት። ከሱብሒ በኋላ ጥቂት ሰው ክብ ሠርቶ ዚክር ያደርጋል። ጫት የለም፣ ድቤ የለም። ሱብሓነላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አላሁ አክበር፣ ከዚያ ኢስቲግፋር፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው። ኢማሙ አዛውንት ናቸው። አንድ ቃል አልነገርኳቸውም። እንደ ማንኛውም ሰጋጅ ሄጄ ጥግ ተቀመጥኩ።

መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ስለነበር በተከታታይ ሄድኩ። ክኒኑን የመቀነስ ሙከራ ላይ ነበርኩ፣ በራሴ ስሌት። አንድ ጠዋት ሰው ሲበተን ሸሁ፣ ያው ኢማሙ፣ እጄን ያዙኝና አስቀሩኝ።

"ልጄ፣ አንተ ታመሃል።"

"ደህና ነኝ አባባ፣ ጉንፋን ነው።"

"ጉንፋን እንዲህ አያዛጋም። ሱጁድ ስትወርድ ላብህ ምንጣፉን ያርሰዋል። እጅህን እየው።"

እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልኩ ላይ ስንት ሳምንት የደበቅሁትን ሰውነቴ አጋለጠኝ። ነገርኳቸው። ሎጊያ ላይ ማይክ ከፍቼ ተናግሬ ስለነበር ቃሉ ከአፌ ለመውጣት አልከበደውም። ያ ልምምድ ባይኖረኝ እዚያም ጉንፋን ነው ብዬ ወጥቼ እሄድ ነበር። ለዚህ ነው ኦንላይኑን የማልንቀው።

ሸሁ ያሉኝ የመጀመሪያ ነገር ዱዓ አልነበረም። "ሐኪም አይቶሃል?" ነው ያሉት። አላየኝም አልኩ። "እንግዲያው አብሽር። ነገ ደሴ እንሄዳለን። ዱዓውን መንገድ ላይ እናደርገዋለን" አሉኝ። አብረውኝ ሄዱ። ሐረጎን ስንወጣ ሲሳቡ የነበሩትን ከባድ መኪናዎች እያዩ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ክኒኑ አንድ ቃል አላነሱም።

ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ብዙ ሰው ለእብድ ብቻ ይመስለዋል፤ አይደለም፣ ሱስም እዚያ ነው የሚታየው። ሐኪሙ ጥቂት ነገሮች አስረዳኝ። ትራማዶል በድንገት አይቋረጥም፣ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው። እንዴት እንደሚወርድ እንደ መጠኑና እንደ ሰውየው ስለሚለያይ የኔን እዚህ አልጽፈውም፤ ጓደኛ የሌላውን ቀድቶ እንዳይሞክር። ከአረቄ ወይም ከእንቅልፍ ክኒን ጋር መቀላቀል ትንፋሽ ያቆማል። ሦስተኛው ያስደነገጠኝ ነው። ትተኸው ከቆየህ በኋላ ድሮ የምትወስደውን ያህል በአንዴ ብትውጥ ሰውነትህ አይችለውም፣ ልትሞት ትችላለህ። ሰው የሚሞተው በሱሱ መሀል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከሱሱ ወጥቶ አንድ ቀን ሲሳሳት የሚሞተው ብዙ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

አንድ ጭቅጭቅ ተነሳ። ዳታው ሲመለስ ግሩፑ ላይ ሐኪም እያስቀነሰኝ ነው ብዬ ተናገርኩ። አንዱ ወንድም "እየዋጥክ ተውበት አለ እንዴ?" ብሎ ተነሳብኝ። ሌሎችም ጨመሩበት። ኡስታዙ አቆማቸው። "የሚውጠው ለመስከር ነው ወይስ ለመውጣት? በሐኪም እጅ ነው ያለው። መድኃኒት ነው። አንተ ሐኪም ከሆንክ ንገረን" አለው። ሸሁም ሳማክራቸው ተመሳሳይ ነገር ነበር ያሉኝ። ይህ ጥያቄ የሚያስጨንቀው ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው የጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፣ ደግሞም ዋናው እሱ ነው። ሱብሒ፣ ዚክር፣ ቤት፣ ምግብ። እናቴ አጃ ሾርባ እየሠራች ታጠጣኛለች። ሸሁ መስጊዱን መጥረግና ውሃ መቅዳት ሰጡኝ። ሳልመጣ ስቀር ልጅ ይልካሉ። የአምስት ወቅት ሰላት ለሱሰኛ ምን እንደሚጠቅም ያኔ ነው የገባኝ። ሐራራ ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም፤ ይመጣል፣ ይበረታል፣ ይሄዳል። በአስር ሰላት ሰዓት ሲመጣብኝ እስከ መግሪብ፣ እስከ ምሽቱ ሰላት፣ ልታገስ እላለሁ። ዉዱእ አደርጋለሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቴን ይመታኛል፣ ወጥቼ እሄዳለሁ፣ ሰው አገኛለሁ። ስመለስ አልፏል። ለወር ልታገስ ብል ኖሮ አልችለውም። ለአንድ ሰላት ያህል ግን ይቻላል።

ረመዳን ሲገባ የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት ኢዕቲካፍ ገባሁ፤ መስጊድ ውስጥ እያደሩ ለአምልኮ ብቻ መቀመጥ ነው። መኪና የለም፣ ስልክ የለም፣ ገበያ የለም። ኡስታዙ አንድ ጊዜ ስለ ኢንዶኔዢያ አውርቶን ነበር። ምዕራብ ጃቫ ውስጥ ሱርያላያ የሚባል፣ በፈረንጆች 1905 የተመሠረተ የቃዲሪያና የነቅሸበንዲያ ጦሪቃ (የሱፊዎች መንገድ) መድረሳ አለ። ኢናባህ በሚሉት ማዕከላቸው ሱሰኞችን ሌሊት ቀስቅሰው በቀዝቃዛ ውሃ ያጥባሉ፣ ያሰግዳሉ፣ ዚክር ያስደርጋሉ። ሰዎቹ እዚያው ነው የሚኖሩት። ስሰማው ሩቅ አገር መሰለኝ። ኢዕቲካፉ ላይ ግን ሌሊት ተነስቼ ስታጠብ ትዝ አለኝና ሳቅኩ። ቃዲሪያ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። የሌሊት ሰላቱም ዚክሩም አለን። የሌለን፣ ጫቱን ከመሀል አውጥቶ ለሱሰኛ የሚሆን ማደሪያ ያዘጋጀ ሰው ነው። አንድ ባለሀብት ቢያነበው ደስ ይለኛል።

አሁን እንዴት ነው የምኖረው? መንገድ ላይ ስልኩ፣ ቤት ስሆን መስጊዱ። ግሩፑ ላይ ሁለት ሁለት ሆነን ተጣምረናል። የኔ ጥንድ ሱብሒ ላይ ይደውልልኛል። ሁልጊዜ በቪዲዮ ነው፤ እኔ ነኝ የለመንኩት። ፊቴን ካየ ይበቃል፣ ድምጼን ማሳመር እችልበታለሁና። በተቻለ መጠን በቪዲዮ አድርጉት። አሜሪካ ባልቲሞር ላይ በፈረንጆች 1989 የተጀመረ ሚላቲ ኢስላሚ የሚባል የሙስሊም ሱሰኞች ማኅበር አለ። ከሱስ የወጡ ሰዎች ራሳቸው አሥራ ሁለት ደረጃ ይዘው እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። የኛ ጥንድም በትንሹ ያው ነው። የሚደውልልኝ ሰው ዓሊም አይደለም። እሱም ክኒን ውጦ ያውቃል፣ ውሸቴን ያውቃታል።

ስለ ሴቶቹ አንድ ነገር ልበል። ግሩፑ ላይ በጽሑፍ ብቻ የሚገቡ እህቶች አሉ። ከዓረብ አገር ተመልሰው ክኒን ወይም ጫት የለመዱ ናቸው። አንዷ ድምጿን አንድም ቀን አላሰማችንም። እነዚህ ሰዎች "በአካል ሂጂ" ብትላቸው የት ይሂዱ? ሸሁ ጋ? ጎረቤት ምን ይላል? ኡስታዙ በኋላ ባለቤቱ የምትመራው የሴቶች ብቻ ግሩፕ ለይቶላቸዋል። ለነሱ ኦንላይኑ ምርጫ አይደለም፣ ያላቸው በር እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ "ኦንላይን የማይረባ ነው" የሚል ወንድ ስሰማ ትንሽ እበሽቃለሁ።

የጫቱን ነገር ቃል ገብቻለሁ። ከክኒኑ ይልቅ እሱ ነው ያስቸገረኝ። አካሌን ከክኒኑ በላይ ስላሰቃየኝ አይደለም፤ ሁሉም ቦታ ስላለ ነው። ስታቆመው ዱካኩ ይመጣል፣ ሌሊት የሚያስፈራ ሕልም ታያለህ፣ ቀን ደግሞ ድብርት ነው፣ መሪ ላይ እንቅልፍ ይጥልሃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ረጅም መንገድ አትንዱ። ረመዳን ላይ ቀን ጾመው ከተራዊህ በኋላ እስከ ሱሁር የሚቅሙ ልጆች "እኔ በፈለግኩ ጊዜ እተዋለሁ፣ ይኸው ቀኑን ሙሉ አልነካሁም" ይሉኛል። ሰዓቱን ቀየራችሁት እንጂ ምን ተዋችሁ? እኔ ጭነት ይዤ አልቅምም። ሰርግና ለቅሶ ቤት ላይ ግን አንዳንዴ ትሪው ፊት ለፊቴ ይመጣል፣ ሁሌም አላሸነፍኩትም። ሸሁ ያውቃሉ፣ ጥንዴም ያውቃል።

አሁን ለመጀመር የምታስቡ፣ ኡስታዝም ሆነ ሸህ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። "ሐኪም ቤት እየሄድኩ ካንተ ጋር መቀጠል እችላለሁ?" በሉት። ካቅማማ ሌላ ፈልጉ። ብር ቀድሞ የሚጠይቅም እንደዚያው።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ደግሞ የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። የሚሊግራሙ ቁጥር እሱ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ዓይነት ስላለ "ነጩን ነው" ብትሉት አይገባውም። በቀን ስንት እንደምትውጡ ሳታፍሩ፣ ሳትቀንሱ ንገሩት። ያፈረ ሰው ቁጥሩን በግማሽ ይናገራል፣ የሚሰጠውም ማውረጃ በዚያው ልክ ይሳሳታል። ጫትና አረቄም ካለ ጨምራችሁ ንገሩ። ወድቃችሁ ወይም ተንዘፍዝፋችሁ የምታውቁ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ንገሩት። ደሴ ካልተመቻችሁ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታልም የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ከቻላችሁ አንድ ሰው አስከትሉ፤ ሐኪሙ ከተናገረው ግማሹ በዚያ ሰሞን ጭንቅላት ውስጥ አይቀርም።